አባባ መርከብ ሠርቷል

ስለ እናቴ አባት ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። «አባባ እኮ መርከብ ሠርቷል!» በዓል መጥቶ ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ ትልቋ አክስቴ ትላለች፣ ሌሎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ ወሬው ወደ በግ ዋጋ ይዞራል። የትኛውን መርከብ? የት? መቼ? የጠየቀ የለም። እኔም እስከ ሠላሳ ዓመቴ አልጠየቅኩም።

እኔ የማውቀው አባባ ኮልፌ ግቢያችን ውስጥ አልጋና በር የሚሠራ ዝምተኛ ሽማግሌ ነው። ባሕር የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። በ1994 ዓ.ም. ሲያርፍ ገና ልጅ ነበርኩ።

ነገሩ የተነሳው በ2014 እማማ፣ ማለትም ሚስቱ፣ ስታርፍ ነው። ከአርባዋ በኋላ ቤቱ ሲጸዳ ከአልጋዋ ሥር አንድ የእንጨት ሣጥን ወጣ። ከዚያ ሣጥን ተነስቼ የአንድ ባሕረኛ አናጺ ሕይወት ለመገጣጠም ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። በየመንገዱ ብዙ ተሳስቻለሁ። ቤታችሁ ውስጥ ምጽዋ ወይም አሰብ የሠራ፣ በመርከብ የሄደ፣ ግን ማንም በቅጡ የማያወራለት አያት ካለ፣ የእኔ ስህተት ይጠቅማችሁ ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

ሣጥኑ ውስጥ ሁለት መጋዝ፣ አንድ መላጊያ፣ አራት መሮ፣ ቱንቢ፣ የዛገ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ)፣ ራሱ ላይ የብረት ቀለበት የገባበት የእንጨት መዶሻ ነበረ። ከመሮዎቹ አንዱ ከሌሎቹ ይለያል። የእንጨት እጀታ የለውም፤ ከላይ እስከ ታች ብረት ነው። አፉ እንደ መዳፍ ሰፋ ይላል። እና ደነዝ ነው። ዳቦ እንኳን አይቆርጥም። ጠርዙ ላይ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀጭን ፈር ተስቦበታል።

ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሰፈራችን ላለ አናጺ ወሰድኩለት። ገልበጥ አድርጎ አየውና «አፉ ሞቷል፤ ልሳልልህ?» አለኝ። «ሳልልኝ» አልኩት። በሞተር ድንጋዩ አንዱን ጥግ መሳል ጀመረ። ብልጭታው ሲበር የአያቴን ዕቃ ነፍስ የዘራሁበት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ቆሜ አያለሁ። ደግነቱ መብራት ሄደ። ሁለት ጣት የሚያህል ብቻ ተስሎ ቀረ። አናጺው ጥፋት የለበትም፤ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ያጠፋሁት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ከሰባት ወር በኋላ ነው። እመለስበታለሁ። ለጊዜው ይህቺን ያዙ፦ ከሣጥን የወጣ ዕቃ አይሳልም፣ አይወለወልም፣ ቀለም አይቀባም። እንዳለ ፎቶ አንሱት፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት።

ሁለተኛው ግኝት የእማማ መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ነበር። አባባ ሲቀበር የተነበበው የሕይወት ታሪክ። በነገራችን ላይ፣ እኛ አገር ለእንዲህ ያለ ፍለጋ ከዚህ ወረቀት የተሻለ መነሻ የለም። የትውልድ ቦታ፣ የአባትና የእናት ስም፣ የት እንደሠራ፣ ስንት ልጅ እንደወለደ በአንድ ገጽ ታጭቆ ተጽፏል። ብዙ ቤት በመጽሐፍ ቅዱስ መሀል ወይም ከእድር ደብተር ጋር ይቀመጣል። ግን በለቀስተኛ ፊት የሚነበብ ጽሑፍ ነውና ትንሽ መኳሉ አይቀርም።

የአባባ ወረቀት «አንኮበር አካባቢ ተወልደው» ብሎ ይጀምርና «በቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በመርከብ መሐንዲስነት ለ21 ዓመታት በቅንነት አገልግለዋል» ይላል። መሐንዲስ! ጻፊው ታላቅ አጎቴ ነው። ሄጄ ጠየቅኩት። «በ57 ኖርዌይ ሄዶ ተምሯል። ይኸው ፎቶው» አለኝ።

ያንን ፎቶ ዕድሜዬን ሙሉ አይቼዋለሁ። ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው። አባባ ነጭ የባሕረኛ ልብስ ለብሶ፣ ዓይኑን በፀሐይ አጨንቁሮ ቆሟል። ከጀርባው የመርከብ አፍንጫ ይታያል፤ እሱ ላይ በትልቁ «ኤ» የሚለው የፈረንጅ ፊደልና «01» ተጽፏል። ከፍሬሙ ሳወጣው ካርቶን ላይ በኮላ ተለጥፏል። እዚህ ላይ ብልህ ሆኛለሁ፤ በጉልበት አልላጥኩትም። ካርቶኑን ከኋላ እያሳሳሁ፣ ሁለት ምሽት ሙሉ፣ በጥፍሬ አነሳሁት። የፎቶው ጀርባ ላይ በእርሳስ «57 ምጽዋ» ይላል። ኖርዌይ የሚባል ነገር የለም።

ከዚህ በኋላ የሠራሁት ስህተት ብዙ ሰው የሚሠራው ይመስለኛል። 57ን እንደ ፈረንጅ 1957 ወሰድኩት። የመርከቡን ቁጥር ይዤ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ መርከቡን በቀላሉ አገኘሁት። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ትልቁ መርከብ ነበር፤ ስሙም «ኢትዮጵያ»። ከዚያ በፊት «ኦርካ» የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ነበር። አሜሪካኖቹ የእያንዳንዱን መርከባቸውን ታሪክ ጽፈው ለማንም ክፍት አድርገውታል፤ በነፃ ይነበባል። እዚያ ላይ መርከቡ ለኢትዮጵያ የተሰጠው በጃንዋሪ 1962 እንደሆነ ተጽፏል። ታዲያ አባባ በ1957 ገና ያልመጣ መርከብ ፊት እንዴት ቆመ? ሁለት ሳምንት ተጨነቅኩ። ቁጥሩን በማጉያ መነጽር እያየሁ «01 ሳይሆን 07 ይሆን እንዴ?» እስከማለት ደረስኩ።

ለአክስቴ ስነግራት ከት ብላ ሳቀች። «አንተ ልጅ፣ አባባ መቼ በፈረንጅ ቆጥሮ ያውቃል?»

57 ማለት 1957 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1964 መጨረሻ ወይም 1965። መርከቡ ከመጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አለቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሬ ላይ የምጽፈው ቀን ሁሉ ጎኑ ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» አለው። በተለይ ባሕር ነክ ሰነድ ላይ ይሄ ነገር ወሳኝ ነው። የመርከብ ወረቀት ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ የሰውዬው ወረቀት ደግሞ በኛ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን ስምንት መደመር ነው። ወር ያልተጻፈበት ዓመት ካገኛችሁ ሁለቱንም መዝግቡ። ቀን ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ሽማግሌዎቻችን የራሳቸው መቁጠሪያ አላቸው። አባባ «ጣሊያን ሲገባ ጡት ያልጣለ» ነበር ይባላል፤ ስለዚህ የ1927 ወይም የ1928 ልጅ ነው። አክስቴ «ከታኅሣሥ ግርግር በኋላ በሁለተኛው ዓመት» ምጽዋ ተወለደች፤ ግርግሩ 1953 ነውና እሷ የ1955 ልጅ ናት። እንዲህ የተገኘ ዓመት ከመታወቂያ ላይ ዓመት ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። መታወቂያ ላይ ያለውን ቀበሌ የነበረው ጸሐፊ ገምቶ ሊሆን ይችላል።

መርከቡን ሳገኝ ግን የቤታችን ዓረፍተ ነገር ፈረሰ። «ኦርካ» የተሠራው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሲያትል አጠገብ ባለ የሐይቅ ዳር የመርከብ መሥሪያ ነው። ውኃ ላይ የወረደው በኦክቶበር 1942፣ ሥራ የጀመረው በጃንዋሪ 1944። ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ለመርዳት የታሰበ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፓስፊክ ላይ ዘምቷል። ርዝመቱ ወደ 95 ሜትር ነው፤ ሁሉም ብረት። ያ መርከብ ሥራ ሲጀምር እኛ ጋ ጥር 1936 ነበር። አባባ ስምንት ዓመቱ ነው። አንኮበር ብርድ ላይ ጥጃ ይጠብቃል።

እና ምን ሠራ?

የጡረታ ፋይሉን ልፈልግ ተነሳሁ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። «ነገ ና» ለሦስት ወር ተባልኩ። በመጨረሻ አንዲት ደግ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ችግሩን አገኘችው። የአባባ ስም «ኃይለ» ብሎ ይጀምራል። የድሮው ማውጫ በፊደል ተራ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው በ«ኀ» ነበር፤ ፋይሉ ግን «ሐ» ሥር ተቀምጧል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። አራቱንም ጓዳ ፈትሹ። ጸሐፊው እንደመጣለት ነው የጻፈው። ፈረንጅ አገር ያለ መዝገብ የምትፈልጉ ከሆነማ የባሰ ነው። አንድ ስም በላቲን ፊደል በአምስት ዓይነት ይጻፋል፤ የአባትን ስም ደግሞ እንደ ቤተሰብ ስም ወስደው ሰውየውን በአባቱ ስም ይመዘግቡታል። አያታችሁን ብቻ ሳይሆን የአያታችሁን አባትም ፈልጉ።

ፋይሉ ቀጭን ነው። የተቀጠረበት 1950 ዓ.ም.፣ የተሰናበተበት 1971። የሥራ መደብ፦ አናጺ።

ይህንን ይዤ አጎቴ ጋ ሄድኩ። ፊቱ ተለወጠ። «ይሄን ለማን ልታሳይ ነው?» አለኝ። አልተቆጣሁበትም። ቆየት ብሎ እንደገባኝ መሐንዲስ ያለው ለመዋሸት አይደለም። እሱ ባደገበት ዘመን በእጁ የሚሠራ ሰው በሙያው ይሰደብ ነበር። ብረት የቀጠቀጠ፣ ሸማ የሠራ፣ ሸክላ የጋገረ ሁሉ ቅጽል ተሰጥቶታል። አናጺው ከነሱ ይሻላል ቢባልም የፊደል ሰው ፊት አንገቱን ይደፋል። ሰባት ቤት ድረስ የአያት ስም የምንቆጥር ሰዎች ስንት ባለ ሙያ አያት «ገበሬ ነበር» ወይም «የመንግሥት ሠራተኛ ነበር» ተብሎ እንደተሸፈነ አስቡት። የባለ ሙያ አያት ፍለጋ ትልቁ እንቅፋት የወረቀት መጥፋት አይመስለኝም። ሐፍረት ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ስትጠይቁ «ምን ሠሪ ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ።

«እጁ ምን ምን ይል ነበር?» በሉ።

ለአክስቴ ያቀረብኩላት ጥያቄ ይሄ ነበር፤ ያኔ ነው የተከፈተችው። ከዚያ በፊት «መቼ፣ የት፣ ስንት ዓመቱ» ስላት «እኔ ምን አውቃለሁ» ነበር መልሷ። ስለ እጁ ስጠይቃት ዝም ብላ ቆየችና «ጥፍሩ ሥር ቀይ ነገር ነበረው» አለችኝ። «እንሶስላ የሞቀ ይመስል። እማማ በሎሚ ትፈትግለታለች፣ አይለቅም። ዘይት ዘይት ይሸታል።» ከዚያ ምጽዋ ራሱ መጣ። ክረምቱን በሙቀቱ የተነሳ ቤት ውስጥ መተኛት ስለማይቻል አልጋ ወደ ውጭ ይወጣል። ከጥዋለት ደሴት ወደ ከተማው ደሴት የሚወስደውን የድንጋይ ድልድይ በእግር ይሻገራሉ። በዓመት አንድ ጊዜ በሊቶሪና ወደ አስመራ ይወጣሉ፤ ባቡሩ ዋሻ ሲገባ እሷና እናቴ ይጮሃሉ። በባሕር ኃይል ቀን ጃንሆይ ይመጣሉ፣ የየአገሩ የጦር መርከብ ወደቡን ይሞላዋል፣ ማታ መርከቦቹ በመብራት ያሸበርቃሉ። ሁሉንም በስልኬ ቀዳሁት። አንድ ምክር፦ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ደፍታችሁ አስቀምጡትና እርሱት። እየቀረጻችሁ መሆኑን መጀመሪያ ንገሯቸው፣ ፈቃድ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ግን ስልኩን እያያችሁ አታውሯቸው።

«ቀይ ነገር» ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም።

መልሱ የመጣው ከለቅሶ ቤት ነው። የሩቅ ዘመድ ሞቶ ድንኳን ውስጥ ካርታ ከሚጫወቱ ሽማግሌዎች አጠገብ ተቀምጫለሁ። አንዱ ካርታውን ሲጥል «ያዘው፣ መልሕቅ ጣልኩ» አለ። መልሕቅ! ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ባሕር ኃይል ነበሩ እንዴ?» አልኩት። ካርታው ቆመ። «ከየት አወቅክ?» የአያቴን ስም ነገርኩት። ለአፍታ አሰበና «አንኮበሬው አናጺ?» አለኝ።

የእሁድ ቀጠሮ ያዝን። ሣጥኑን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አወጣልኝ። ስኳድራው የጣሊያን ነው፤ አባባ አዲስ አበባ ጣሊያን አናጺ ዘንድ ነው ሙያውን የለመደው አለኝ። ለእንጨት ሥራ የጣሊያን ቃል፣ ለመርከብ ሥራ የእንግሊዝኛ ቃል ነበረው። ደነዙ መሮ ጋ ሲደርስ ዝም አለ። ጣቱን ጠርዙ ላይ እየጎተተ ሄዶ የሳልኩት ጥግ ላይ ቆመ።

«ይሄን ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

ምን ልበል። «እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

አልተቆጣም። ባለቤቱን ጠርቶ «እስቲ ከባዘቶሽ ትንሽ ስጪን» አላት። ከቁናዋ አንድ ባዘቶ አምጥታ ሰጠችው። በረንዳው ላይ አሮጌ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ ሁለቱ ሳንቃዎች መሀል ስንጥቅ አለው። ሽማግሌው ተንበርክኮ ባዘቶውን በመዳፉ አሾረውና ገመድ አስመሰለው። ስንጥቁ ላይ አጋደመው። ብረቱን ባልተሳለው በኩል አስደግፎ በእንጨት መዶሻው መታ መታ አደረገው። ጥጡ ወደ ውስጥ ገባ። ሌላ እጥፋት ጨመረ፣ መታ። ድምፁ መጀመሪያ ላላ ያለ ነበር፤ እየገባ ሲሄድ ጠነከረ። «ሰማህ? አሁን ጠገበ። ከዚህ በላይ ከመታኸው ሳንቃው ይሰነጠቃል።» ከዚያ አዙሮ በሳልኩት ጥግ ያዘውና አንዴ መታው። ጥጡ እዚያው ብጥስ።

«የተሳለ ከሆነ ይቆርጠዋል። ለዚህ ነው ደነዝ የሚሆነው። ፈሩ ደግሞ ጥጡ እንዳይንሸራተት ይዞ እንዲያስገባው ነው። እኛ ካልኪንግ ነበር የምንለው። የጀልባ ሳንቃ መሀል ጥጥ ትጠቀጥቃለህ፣ በላዩ ቀይ ስቱኮ ትደፍናለህ፤ በዘይት የተለወሰ፣ ያ ለብረት የሚቀባው አንቲረስት ዓይነት ቀይ። ጀልባው ውኃ ሲገባ እንጨቱ ይጠጣና ያብጣል፤ ጥጡን ጨምድዶ ይይዘዋል። ጠብታ አያስገባም።»

ቀይ ስቱኮ። የአክስቴ እንሶስላ።

የዚያን ቀን ሦስት ሰዓት አወራን። ባሕር ኃይሉ ሲቋቋም፣ ኤርትራ በ1945 በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ የኖርዌይ መኮንኖች መጥተው ያሠለጥኑ ነበር። አባባ ኖርዌይን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ምጽዋ ላይ ግን ከአንድ ኖርዌጂያዊ የጀልባ ጥገና ተምሯል፤ የአጎቴ «ኖርዌይ» ከየት እንደመጣ በዚህ ታወቀ። «ኢትዮጵያ» ብረት ቢሆንም በላዩ የተሸከማቸው ጀልባዎች ነበሩ፣ በር ነበረው፣ መሰላል ነበረው፣ ሣጥን ነበረው። ደግሞ ብረቱ ቢበሳ ቀዳዳውን ከውስጥ በወፍራም እንጨት ደግፎ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ ለዚህም ልምምድ ነበር። አናጺው ብዙውን ጊዜ የብስ ላይ ነው፤ መርከቡ ሲወጣ ግን አብሮ ይወጣል። «አያትህ ከፍታ ላይ ተወልዶ ባሕር አላስታወከውም። እኔ የወደብ ልጅ ሆኜ አንጀቴን ነው የተፋሁት» አለኝ።

ስለ 1970 ጠየቅኩት። እማማና ልጆቹ በ1969 ክረምት ወደ አዲስ አበባ መጥተዋል። አባባ የመጣው በ1971 ነው። በ1970 ታኅሣሥ ምጽዋ ላይ ከባድ ውጊያ እንደነበረ ማንም ያውቃል። ሽማግሌው ብረቱን ጨርቁ ላይ አስቀመጠ። «እሱን ተወው፣ ልጄ» አለኝ። ተውኩት። ደብተሬ ላይ ሁለት ዓመት ባዶ ነው፤ ባዶ ብዬ ነው የጻፍኩት። እናንተም እንዲህ ያለ ቦታ ስትደርሱ አትግፉ። ሽማግሌው በሚቀጥለው እሁድም በሩን እንዲከፍትላችሁ ትፈልጋላችሁ።

መርከቡስ? በ1983 ግንቦት ሁሉም ነገር ሲፈርስ የባሕር ኃይሉ መርከቦች ቀይ ባሕርን እየተሻገሩ ሸሹ። «ኢትዮጵያ» የመን ደረሰ፤ እዚያው ቆሞ ከርሞ በ1993 እ.ኤ.አ. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። አባባ ያኔ ኮልፌ በር እየሠራ ነበር። ሰምቶ እንደሆነ የሚነግረኝ የለም።

ስለ ሌሎች መንገዶች ባጭሩ። አያታችሁ የንግድ መርከብ ላይ ከነበረ መነሻችሁ የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ነው፤ በ1956 ዓ.ም. ተቋቁሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ጀምሯል፣ በኋላም በ2011 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ተዋሕዷል። የንግድ መርከብ ሰው የመርከበኛ ደብተር ይይዛል። በየመርከቡ የገባበትና የወጣበት ቀን፣ የሥራ መደቡ፣ ማኅተሙ እዚያ ላይ አለ። ያቺ ትንሽ ደብተር ከተገኘች ግማሹ ሥራ አልቋል። የሚፈለገው ከሰውየው ይልቅ መርከቡ ነው፤ ሰው ስሙ ይጠፋል፣ መርከብ ግን በየወደቡ ይመዘገባል። ለድሮ ጋዜጣ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ሂዱ። የአዲስ ዘመንን የጥርና የየካቲት ጥራዞች አገላብጡ፤ የባሕር ኃይል ቀን ዜና ታገኛላችሁ። እኔ አባባን በጋዜጣ ላይ አላገኘሁትም። አናጺን ፎቶ የሚያነሳው ማን ነው።

ይህንን ሁሉ ሰብስቤ ለትንሣኤ ቤተሰቡ ፊት አነበብኩት። አጎቴ «መሐንዲስ» መውጣቱ ባይዋጥለትም ብረቱን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አገላበጠው። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞርኩ። ለዓመታት የተናገረችውን ዓረፍተ ነገር ላርምላት ነው፤ በጥንቃቄ።

«እትዬ፣ አባባ መርከብ አልሠራም። መርከብ ላይ ነው የሠራው። መሀል ላይ አንድ ‘ላይ’ ጠፍታብን ነው።»

ቡናውን እየቀዳች ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም።

«ታዲያ ጀልባው ውኃ እንዳያስገባ ያደረገው ማነው?» አለችኝ። «ሠርቷል አልኩ እንጂ ሌላ ምን አልኩ? በል ስኒህን አቀብለኝ።»